ከሮኬቱ በፊት ስለ መጋጠሚያው እንነጋገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሕዋ የሚወጡ ዜናዎችን የሚከታተል ሰው የሮኬቱን ቁመት፣ የሞተሩን ብዛት፣ ማን ማንን ቀድሞ ጨረቃ ላይ እንደሚያርፍ በየጊዜው ያነባል። መንኮራኩሩ ከደረሰ በኋላ ነዳጅ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሁለት ሳምንት በሚዘልቀው የጨረቃ ሌሊት ምን እንደሚያሞቀው፣ ቢበላሽ ማን በምን እንደሚደርስለት የሚያብራራ ጽሑፍ ግን እምብዛም አያገኝም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ይህ ክፍተት እንዲሞላ ስለምመኝ ነው። ሰው በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ተጉዞ፣ ሠርቶና አምርቶ በደኅና የሚመለስበትን ቀን የሚወስነው የጋራ መሠረተ ልማቱ ነው፤ የነዳጅ ማደያው፣ የኃይል ምንጩ፣ የማረፊያ ሜዳው፣ የመገናኛ መረቡ፣ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ የአንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር መግጠሙ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመግጠሙ ልጀምር። በ1970 አፖሎ 13 ላይ የኦክስጅን ታንክ ሲፈነዳ ሦስቱ ተጓዦች ለጨረቃ ማረፊያ በተሠራችው ትንሿ መንኮራኩር ተጠለሉ። የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያጣራው የሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ጣሳ በዋናው መንኮራኩር አራት ማዕዘን፣ በትንሿ ግን ክብ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም ያሠራው አንድ መንግሥት፣ ያበረራቸውም አንድ ሮኬት ነበር። በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በልብስ ቱቦና በማጣበቂያ ፕላስተር አገጣጥመው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል፤ ችግሩ ግን መልኩን ቀይሮ አሁንም አለ። በዲሴምበር 2022 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር ተያይዞ የቆመው የሩሲያው መንኮራኩር ሶዩዝ ኤምኤስ-22 የማቀዝቀዣ ፈሳሹን ወደ ሕዋ ረጭቶ ጨረሰ፤ የመጡበት ሦስት ጠፈርተኞችም አስተማማኝ መመለሻ አጡ። ምትኩ ሰው ሳይጭን የደረሰላቸው በፌብሩዋሪ 2023 ማብቂያ ላይ ነው። በመካከሉ ጣቢያውን በድንገት መልቀቅ ግድ ቢሆን ከሦስቱ አንዱ፣ ፍራንክ ሩቢዮ፣ በአሜሪካው ድራጎን መንኮራኩር እንዲወጣ ታስቦ የመቀመጫው ፍራሽ ከሶዩዝ ተነቅሎ ወደ ድራጎን ተዛወረ። ይህ ፍራሽ በባለቤቱ ጀርባ ልክ የተቀረጸ ነው፤ መንኮራኩሩ መሬት ሲመታ አከርካሪውን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። በ2024ም ሁለት ጠፈርተኞች የሄዱበት ሌላው የአሜሪካ መንኮራኩር ስታርላይነር ያለ እነሱ ሲመለስ፣ የለበሱት ልብስ ከድራጎን ጋር ስለማይገጥም በድራጎን ለመምጣት የድራጎን ልብስ ተፈልጎ ተዘጋጀላቸው።

በ2010 የታተመው ዓለም አቀፍ የመጋጠሚያ ደረጃ ቢያንስ በሩን አንድ አድርጎልናል። በዚህ ደረጃ የተሠሩ ሁለት መንኮራኩሮች፣ ማንም ይሥራቸው ማን፣ 12 ጥንድ መንጠቆ አቆላልፈው አየር እንዳያፈስሱ ሆነው ይያያዛሉ። ከበሩ ወዲያ ያለው ልብስ፣ መቀመጫና የአየር ቱቦ ግን አሁንም እንደየፋብሪካው ነው። እጅግ ለሚቀዘቅዝ ነዳጅ መቅጃ ቱቦማ ሁሉም የተቀበለው የጋራ ደረጃ ገና የለም።

ነዳጁ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ከምድር ገጽ ተነሥቶ ዝቅተኛው ምህዋር ላይ ለመቀመጥ በሰከንድ 9.4 ኪሎ ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ተነሥቶ ጨረቃ ላይ ለማረፍ ሌላ 5.9 ገደማ ይጠይቃል፤ ከጨረቃ ገጽ ወደ ምድር ለመመለስ ደግሞ 2.8 ገደማ። የሩሲያው ሳይንቲስት ጺዮልኮቭስኪ በ1903 ባሳተመው የሮኬት ቀመር ይህን ማስላት ይቻላል። ሞተሩ በፈሳሽ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚሠራ፣ ከአፍንጫው የሚወጣው ጋዝም በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር የሚፈተለክ ነው እንበል። ታንኩን፣ ሞተሩንና ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ፣ ከምድር ምህዋር ሲነሣ 38 ቶን መሆን አለበት። የመመለሻውንም ነዳጅ ከምድር ይዞ ይሂድ ከተባለ 38ቱ ወደ 72 ያድጋል። ይህ ሁሉ የ34 ቶን ጭማሪ የመጣው፣ ለመመለሻ የሚበቃ 9 ቶን ነዳጅ ጨረቃ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባለመኖሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያን 9 ቶን እዚያው እናምርት። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በክብደት ስድስት ለአንድ ሲቀላቀሉ 7.7 ቶን ኦክስጅንና 1.3 ቶን ሃይድሮጅን ይሆናል። ያን ያህል ሃይድሮጅን ለማግኘት 11.6 ቶን ውኃ በኤሌክትሪክ መለየት ያሻል። በኦክቶበር 2009 ኤልክሮስ የተባለው ተልእኮ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ካቤዩስ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ሮኬት ከስክሶ ከተነሣው ብናኝ ያገኘው ውኃ በክብደት 5.6 በመቶ ነበር፤ ያውም 2.9 በመቶ ከፍ ዝቅ ሊል የሚችል ግምት ነው። በዚህ መጠን ከሄድን ጠብታ ሳይባክን እንኳ ከ200 ቶን በላይ አፈር ይታፈሳል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ መለየቱ ብቻ ወደ 65,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ለዓመት ቢከፋፈል ቀን ከሌት የማይቋረጥ ከ7 ኪሎዋት በላይ ማለት ነው። ቁፋሮው፣ በረዶውን ማትነኑ፣ ጋዙን ወደ ፈሳሽ ማውረዱ ገና አልተቆጠረም። መልካሙ ነገር 2.6 ቶን ኦክስጅን ይተርፋል። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ያህል ስለሚተነፍስ ይህ ለአራት ሰዎች ሁለት ዓመት ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ከሚሉት የተለየ አስተያየት አለኝ። ሁሉም ስለ በረዶው ያወራል። በረዶው ያለው ግን ፀሐይ ፈጽሞ በማታያቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው። እዚያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ያልፋል፤ ቅባት ይደርቃል፣ ጎማ ይሰበራል፣ የፀሐይ ሰሌዳ አይሠራም። በአንጻሩ የጨረቃ አፈር የትም ቢታፈስ ከክብደቱ ከ40 እስከ 45 በመቶው ከማዕድን ጋር የተጣበቀ ኦክስጅን ነው። ከ9 ቶኑ ነዳጅ 7.7ቱ ኦክስጅን ከሆነ፣ 1.3 ቶኑን ሃይድሮጅን ለጊዜው ከምድር አምጥቶ ኦክስጅኑን ብርሃን ካለበት ደረቅ አፈር ማውጣቱ ይቀላል። ኢልመናይት የተባለውን ማዕድን በ900 ዲግሪ አካባቢ ከሃይድሮጅን ጋር አገናኝቶ ውኃ ማውጣት፣ ውኃውን ለይቶ ሃይድሮጅኑን መልሶ ማዞር አንዱ መንገድ ነው። አፈሩን ከ1,600 ዲግሪ በላይ አቅልጦ በኤሌክትሪክ መለየት ሌላው ነው፤ ይህኛው የበለጠ ይሰጣል፤ ቅላጩ ግን የተነከሩበትን ኤሌክትሮዶች ይበላቸዋል። በሁለቱም ዘዴ ቶሎ ሊበላሽ የሚችለው ክፍል አፈሩ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ነው። የጨረቃ አቧራ ነፋስና ውኃ ያላለሰለሰው፣ ጠርዙ የመስታወት ስባሪ የሚመስል ስለሆነ የበሩን ማሸጊያ ይፍቀዋል፤ በተፋቀው በኩል ደግሞ ጋዙ ያመልጣል። አፖሎ ላይ የናሙና ሳጥኖች ማሸጊያ በዚሁ አቧራ ምክንያት ሳይዝ ቀርቷል።

የቁፋሮ መሣሪያ ሁሉ በትክክለኛው አፈር መሞከር እንዳለበት ማርስ ላይ በ2018 ያረፈው ኢንሳይት አሳይቷል። እስከ 5 ሜትር እንዲሰርስር የተላከው መዶሻው ወደፊት ለመሄድ የአፈሩን ሰበቃ ይፈልግ ነበር። አፈሩ ግን ተጣብቆ ጉድጓዱ ዙሪያውን ሰፍቶ ቀረና መዶሻው ቦታው ላይ መንጠር ጀመረ። ሁለት ዓመት ገደማ ተለፍቶ በጃንዋሪ 2021 ተተወ።

ነዳጁ ተመርቶ ወይም ከምድር ተጭኖ ምህዋር ላይ ቢደርስ ደግሞ መቅዳቱ አለ። ፕሮግረስ የተባሉት የጭነት መንኮራኩሮች ከ1978 ጀምሮ ለጠፈር ጣቢያዎች ነዳጅ ያለ ሰው እጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ያ ነዳጅ ግን በተራ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ነው። ፈሳሽ ሚቴን ከዜሮ በታች 161፣ ኦክስጅን 183፣ ሃይድሮጅን 253 ዲግሪ ላይ ስለሚቀመጡ አሠራሩ ሁሉ ይለወጣል። በቅድሚያ ሁለቱ መንኮራኩሮች ይጋጠማሉ፤ መጋጠሚያው በሂሊየም ግፊት ተፈትሾ አለማፍሰሱ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ቱቦውና ተቀባዩ ታንክ ይቀዘቅዛሉ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ፈሳሽ የሞቀውን ብረት ሲነካ በቅጽበት ይተናል፣ ከተቸኮለ ግፊቱ ያሻቅብና የማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ነዳጁ ሕዋ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው በትንንሽ ሞተሮች ቀስ ብለው ይገፋሉ። ስበት በማይሰማበት ቦታ ፈሳሽና ጋዝ ተደባልቀው ስለሚንሳፈፉ፣ ይህ ግፊት ካልኖረ ቱቦው በፈሳሽ ፋንታ ጋዝ ይስባል፤ ፓምፑም ባዶውን ይሽከረከራል። ምን ያህል እንደተቀዳ ማወቅም ቀላል አይደለም፤ የደረጃ መለኪያ ፈሳሹ ካልረጋ አያነብም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ቱቦው ከመላቀቁ በፊት በሁለት በተዘጉ ቫልቮች መካከል ጥቂት ፈሳሽ ይቀራል። ያች ጥቂት ፈሳሽ ስትሞቅ መፈናፈኛ ታጣና ቱቦውን ልታፈነዳ ትችላለች። ስለዚህ በሁለት ቫልቮች መካከል ያለ እያንዳንዱ የቱቦ ክፍል የራሱ ማስተንፈሻ ሊኖረው፣ ከመላቀቁም በፊት በጋዝ ተገፍቶ ሊጠራ ይገባል። ማስተንፈሻው የሚተነፍስበትም አቅጣጫ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ከሆነ ሁለቱን መንኮራኩሮች እንደ ትንሽ ሮኬት ያዞራቸዋል።

ይህ ሁሉ በብልሃት ቢሠራ እንኳ ማቀዝቀዣው ከቆመ ነዳጁ አይቆይም። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በዲሴምበር 2018 ወደ ጠፈር ጣቢያው የላከው መሞከሪያ 42 ሊትር ፈሳሽ ሚቴን ለአራት ወራት ምንም ሳያባክን ያዘ፤ ትልቅ ስኬት ነበር። በኤፕሪል 2019 ማቀዝቀዣዎቹ አልነሣ አሉና ሚቴኑ ሁሉ ወደ ሕዋ እንዲለቀቅ ተደረገ። የመቅዳቱ ሙከራም ሳይከናወን ቀረ። ለዚህ ነው ማደያ የሚሠራ ሁሉ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ፣ የፀሐይ ጥላ፣ ብዙ ሽፋን ያለው መከላከያ ሊኖረው የሚገባው። በኦክስጅንና በሚቴን ተለማምዶ ሃይድሮጅንን ለኋላ ማቆየትም ብልህነት ነው፤ የኦክስጅንና የሚቴን ቅዝቃዜ ስለሚቀራረብ አንድ ዓይነት ዕቃ ያገለግላቸዋል።

ከነዳጅ ቀጥሎ የኃይል ጉዳይ ይመጣል። ከዋልታዎቹ ውጭ የጨረቃ ሌሊት 354 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ኪሎዋት፣ ማለትም ከተራ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ያነሰ ኃይል፣ ሌሊቱን ሙሉ ለመስጠት 354 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በኪሎ 150 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢሆን 2.4 ቶን ይመዝናል። አሥር ሰዎች የሚሠሩበት ጣቢያ በዚህ መንገድ አይታሰብም። በደቡብ ዋልታ አንዳንድ ከፍታዎች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ያገኛሉ። ፀሐይ እዚያ ከአድማስ ብዙም ስለማትወጣ ሰሌዳዎቹ ቀጥ ብለው፣ በረጅም ምሰሶ ላይ ቆመው ፀሐይን እየተከተሉ መዞር አለባቸው። አንዱ ምሰሶ በሌላው ላይ ጥላ እንዳይጥል መራራቅም አለባቸው፤ ቦታው ጠባብ፣ ፈላጊው ብዙ መሆኑ የወደፊት ጭቅጭቅ መነሻ እንዳይሆን ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

ስለዚህ አነስተኛ የኒውክሌር ማብላያ የግድ ይመስለኛል። በኔቫዳ በረሃ በማርች 2018 የተጠናቀቀው ክረስቲ የተባለው ሙከራ 28 ሰዓት በሙሉ ኃይል ሠርቶ፣ ማቀዝቀዣው ሲቋረጥ ማብላያው በራሱ ኃይሉን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ናሳ በ2022 ለኩባንያዎች የንድፍ ውል ሲሰጥ የጠየቀው 40 ኪሎዋት የሚሰጥ፣ ከ6 ቶን የማይበልጥ፣ 10 ዓመት የሚያገለግል ማብላያ ነበር። አስቸጋሪው ክፍል ሙቀቱን ማስወገዱ ነው። ከሙቀቱ አንድ አራተኛው ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ የቀረው 120 ኪሎዋት የሚሄድበት አየርም ውኃም የለም፤ በጨረር ብቻ መውጣት አለበት። 127 ዲግሪ በሚግል ሰሌዳ ይህ በአንድ ገጽ ወደ 100 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። አቧራ ሲለብሰው ወይም በአጠገቡ መንኮራኩር ሲያርፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

እሱም ወደ ማረፊያ ሜዳው ያመጣኛል። በኖቬምበር 1969 አፖሎ 12 ያረፈችው ቀድማ እዚያ ካረፈችው ሰው አልባ መንኮራኩር፣ ከሰርቬየር 3፣ በ160 ሜትር ገደማ ርቀት ነበር። ጠፈርተኞቹ ነቅለው ያመጡት የሰርቬየር ክፍል በምድር ሲመረመር በአሸዋ ተመትቶ ተፍቆ ተገኘ። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ከሞተሩ ሥር የሚፈናጠረው ቅንጣት የሚያቆመው ነገር የለም፤ በሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈተለክ ይችላል። ሰው እንዲያሳርፉ ዛሬ የሚታቀዱት መንኮራኩሮች ከአፖሎ ማረፊያ ብዙ እጥፍ ይከብዳሉ፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ሰዎች፣ የፀሐይ ሰሌዳዎችና የማብላያ ማቀዝቀዣ ሊኖሩ ነው። ደግነቱ በአፖሎ ፊልሞች እንደተለካው ብናኙ የሚወጣው ከመሬቱ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ከማረፊያው 50 ሜትር ርቆ 3 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ክምር ዙሪያውን ቢሠራ፣ በ3 ዲግሪ የሚወጣው እዚያ ሲደርስ 2.6 ሜትር ላይ ስለሚሆን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ለዚህ አፈር ከሚገፋ ዶዘር የተራቀቀ መሣሪያ አያሻም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቢሠራ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ሜዳውን ራሱን ማንጠፍ ይከብዳል። አፈሩን በማይክሮዌቭ ወይም በተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን አግሎ እንደ ጡብ ማጣበቅ ይቻላል። ጡቦቹ ተደርድረው ሲያልቁ ግን መጋጠሚያቸው ደካማ ጎናቸው ነው፤ የሞተሩ ጋዝ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይከማችና ጡቡን እንደ ክዳን አንሥቶ ይወረውረዋል። ከቀን ወደ ሌሊት ከ200 ዲግሪ በላይ የሚዋዥቀው ሙቀት ደግሞ ስንጥቁን በየወሩ ያሰፋዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማረፍ በኋላ ሜዳውን በካሜራ የሚፈትሽ፣ የላላውን ጡብ የሚቀይር ማሽን ከሜዳው ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።

በቅርብ ዓመታት ጨረቃ ላይ የወደቁት አራፊ መንኮራኩሮች አንዳንዶቹ የወደቁት የት እንዳሉ ባለማወቃቸው ነው። በኤፕሪል 2023 የጃፓኑ ሃኩቶ-አር የጉድጓድ አፋፍ ሲያልፍ ከፍታው በድንገት በጣም ስለጨመረበት ኮምፒውተሩ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ችላ አለው። መሬት ደርሻለሁ ብሎ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ ነዳጁን ጨርሶ ወደቀ። በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካው አራፊ ኦዲሴየስ የሌዘር ከፍታ መለኪያው ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ሳይከፈት ቀርቶ ሲያርፍ ተጋደመ። ሁለቱም ከሰማይ አቅጣጫ የሚነግራቸው የመርከበኛ ፋኖስ ያህል ነገር ቢኖራቸው ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጭላንጭሉ መታየት ጀምሯል። በማርች 2025 የአሜሪካው አራፊ ብሉ ጎስት ላይ የነበረው ተቀባይ መሣሪያ ከምድር የጂፒኤስና የጋሊሊዮ ቦታ ጠቋሚ ሳተላይቶች የሚደርሰውን ደካማ ምልክት ጨረቃ ገጽ ላይ ሆኖ ተቀብሎ ቦታውን አውቋል። ቻይና በ2018ና በ2024 ያመጠቀቻቸው የቼቺያኦ አስተላላፊ ሳተላይቶችም ከምድር የማይታየውን የጨረቃ ጀርባ አገናኝተዋል።

ለዚህ መረብ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። ጨረቃ ላይ ያለ ሰዓት በስበት ልዩነት ምክንያት ከምድሩ በቀን 56 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ትንሽ ይመስላል፤ ብርሃን በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ርቀትን በሬዲዮ ሞገድ ጊዜ ለሚለካ መሣሪያ ስሕተቱ ያን ያህል ነው። በ1999 ማርስ ላይ የጠፋው የአየር ንብረት መንኮራኩር የጠፋው አንዱ ቡድን በፓውንድ ሌላው በኒውተን በማስላቱ መሆኑን የሚያስታውስ፣ የጋራ ሰዓትና የጋራ መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

ከጨረቃ ወዲያ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከማርስ ምልክት ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል፤ ምቹው የጉዞ ጊዜም በየ26 ወሩ አንዴ ነው። ስለዚህ የሚደርስ ረዳት ሳይጠበቅ ሁሉም መለዋወጫ፣ ሁሉም መመለሻ ነዳጅ ከሰዎቹ ቀድሞ እዚያ መገኘት አለበት። ሞክሲ የተባለው መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 ከማርስ አየር 122 ግራም ኦክስጅን በ16 ዙር አመረተ፤ ከፍተኛው በሰዓት 12 ግራም ነበር። አራት ሰዎችን ከማርስ ገጽ ለማስነሣት 25 ቶን ያህል ስለሚያስፈልግ በሰዓት 2.5 ኪሎ የሚሰጥ መሣሪያ 10,000 ሰዓት፣ ማለትም 14 ወር ገደማ፣ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። በ2018 የአቧራ ማዕበል ፀሐይን ሲጋርድ የማርስ ተሽከርካሪዋ ኦፖርቹኒቲ ዝም እንዳለች ቀርታለችና ይህን ለፀሐይ ሰሌዳ ብቻ አደራ ማለት አይገባም። ስለ አስትሮይድ ማዕድን የሚባለውን ደግሞ በመጠኑ እንስማ። ኦሳይረስ-ሬክስ የተባለው መንኮራኩር ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ ይዞ የተመለሰው 121.6 ግራም ነው፤ ሙሉውን ለማውጣትም ከ35ቱ ማያያዣዎች ሁለቱ አልላቀቅ ብለው አዲስ መፍቻ ተሠርቶ እስከ ጃንዋሪ 2024 ተጠብቋል። ያ የሆነው ምድር ላይ፣ ባለሙያዎች ዙሪያውን ከብበው ነው።

ሕጉም ከብረቱ ጋር መሄድ አለበት። የ1968ቱ የነፍስ አድን ስምምነት በአደጋ ላይ ያለ ጠፈርተኛን መርዳትን ግዴታ ያደርጋል፤ የሚረዳው መንኮራኩር መቀመጫና ቱቦው እንዲገጥም ግን የሚያስገድድ ቃል የለውም። በፌብሩዋሪ 2009 አንድ የሞተ የሩሲያ ሳተላይትና የሚሠራው የመገናኛ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 ተጋጭተው በሺህ የሚቆጠር ስብርባሪ ትተዋል። ይህ በምድር ዙሪያ የሆነው በጨረቃ ዙሪያ እንዳይደገም፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ሁሉ ነዳጁን አስተንፍሶ፣ ባትሪውን አራግፎ፣ የት እንደሚወድቅ ከመነሣቱ በፊት ያስመዘገበ መሆን ይኖርበታል።

ዘጋቢዎቻችሁ ቀጣዩን የማስፈንጠር ዜና ሲሠሩ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨምሩ ደስ ይለኛል። በሌሊት ምን ያሞቀዋል? በ200 ሜትር ዙሪያው ሌላ ዕቃ አለ ወይ፣ ካለስ ከብናኙ ምን ይጋርደዋል? ከተበላሸ በሩን የሚከፍት፣ ተሳፋሪውን የሚያስቀምጥ ሌላ መንኮራኩር ማን ነው፣ ስንት ቀን ይፈጅበታል? የነዳጅ ቱቦው ሥዕልና ልኬት ተፎካካሪውም አይቶ እንዲሠራው ታትሟል ወይ?

ከአክብሮት ጋር